የደም ዘርና የጣፊያ ማሳ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጣፊያ ልንናገር መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ስለ ልብ ወይም ስለ አንጐል ብንናገር ርእሱ ለበዓል የሚመጥን በመሰለ ነበር። ነገር ግን ርእሱን የመረጥነው እኛ አይደለንም፤ አንዲት እናት መረጡልን ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ እንገልጻለን።

ባለፈው ዓመት ከክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ከዛፍ ላይ ወድቆ ግራ ጐኑን ክፉኛ ተመታ። ሐኪሞች ጣፊያው ተሰንጥቆ ደም ወደ ሆዱ ውስጥ እንደሚፈስ ስላወቁ በቶሎ ቀደው አወጡለት፤ ሕይወቱም ተረፈች። ጥቂት ቀን ቈይተን ብርቱካን ገዝተን ልንጠይቀው ሄድን። እናቱ ካልጋው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፥ «ልጆቼ፥ እናንተ ተምራችኋል፤ ጣፊያ ደም የሞላበት ሥጋ ነው። እርሱ ከወጣ እንግዲህ የልጄ ደም ከየት ይመጣል?» ብለው ጠየቁን።

ከመካከላችን አንዱ ቸኰል ብሎ፥ «እትዬ፥ አይስጉ፤ ጣፊያ ምንም ጥቅም የለውም» አላቸው። እናቲቱም እፎይ አሉ። እኛ ግን ወደየቤታችን ስንመለስ ነገሩ ከነከነን። እውነት ጣፊያ ጥቅም የለውምን? ደምስ በእርግጥ የሚመነጨው ከየት ነው? በማግሥቱ የሥነ ሕይወት መምህራችንን ብንጠይቃቸው፥ «የሰጣችሁት መልስ ግማሹ እውነት፥ ግማሹ አደገኛ ነው» ብለው እንድናነብ አዘዙን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ያነበብነውን ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጣፊያ በሆዳችን ግራ ወገን፥ ከጨጓራ አጠገብ፥ በጐድን አጥንቶች ሥር ተሸሽጎ ይገኛል። ያዋቂ ሰው ጣፊያ የተጨበጠ እጅ የሚያህል ሲሆን ከ150 እስከ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። በግ ሲታረድ ቆሞ ያየ ሁሉ ያን ጠቈር ያለ፥ ወደ ሐምራዊነት የሚያደላ መልኩን ያውቀዋል። ሲሰነጠቅ ሁለት ዓይነት ክፍል ይታይበታል። ነጩ ክፍል በሽታን የሚዋጉ ነጫጭ ሕዋሳት የሚሰበሰቡበት ሰፈር ነው። ቀዩ ክፍል ደግሞ ደም በወንፊት እንደሚነፋ ዱቄት የሚጣራበት ነው፤ ያረጁ ቀያይ ሕዋሳት እዚያ ተይዘው ይፈራርሳሉ፥ በውስጣቸው ያለው ብረትም ተመልሶ ለአዲስ ደም መሥሪያ ይውላል። እንግዲህ ጣፊያ ለአሮጌ ደም መቃብር መሆኑን መጻሕፍት ሁሉ ይናገራሉ። የአዲስ ደም እናት ሊሆን ይችላልን? ጥያቄው ይህ ነው።

አንድ ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያዋቂ ሰው አካል የሞቱትን ለመተካት በየሴኮንዱ 2 ሚሊዮን የሚያህሉ አዳዲስ ቀያይ ሕዋሳት ይሠራል። እኛ ይህን ሐሳብ አንብበን እስክንጨርስ ድረስ በያንዳንዳችሁ አካል ውስጥ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠሩ ተወልደዋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሥራ በጤናማ ሰው የሚከናወነው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። በመቅኔ ውስጥም ቍጥራቸው እጅግ ጥቂት የሆኑ፥ ነገር ግን ሁለት ታላላቅ ችሎታዎች ያሏቸው ሕዋሳት አሉ። አንደኛ፥ ራሳቸውን የሚመስል ወልደው ራሳቸውን ይተካሉ። ሁለተኛ፥ ቀዩንም፥ ነጩንም፥ ደም የሚያረጉትን ቅንጣቶችም ሁሉ ይወልዳሉ። ሊቃውንት ስቴም ሴል ይሏቸዋል፤ ቅርንጫፎቹ ሁሉ የሚወጡበት ግንድ ስለ ሆኑ እኛ «ግንድ ሕዋስ» ብለን እንጠራቸዋለን።

የሚያስደንቀው ነገር፥ እነዚህ ሕዋሳት መኖራቸው የታወቀው በመቅኔ በኩል ሳይሆን በጣፊያ በኩል መሆኑ ነው። ታሪኩም የሚጀምረው ከታላቅ መከራ ነው። በኦገስት 1945 ዓ.ም. በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የአቶሚክ ቦምብ በተጣለ ጊዜ፥ ከእሳቱና ከፍንዳታው ያመለጡ ብዙ ሰዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደም እየፈሰሳቸውና በልዩ ልዩ ተላላፊ በሽታ እየተጠቁ ሞቱ። ጨረሩ መቅኔያቸውን አጥፍቶት ነበርና። ከዚያ ወዲህ፥ መቅኔው የጠፋበትን ፍጡር እንዴት ማዳን ይቻላል የሚለው ጥያቄ የብዙ መርማሪዎች ሥራ ሆነ።

በ1949 ዓ.ም. ሌዎን ጃኮብሰን የተባሉ የቺካጎ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ለሞት በሚያደርስ መጠን ራጅ ወደ አይጦች አበሩ። ከአይጦቹ አንዳንዶቹን ግን ጣፊያቸውን ከነደም ሥሩ ወደ ውጭ አውጥተው በእርሳስ ማዕድን ሸፈኑላቸው፤ እርሳስ ራጅን ይከለክላልና። ጣፊያቸው ያልተሸፈነላቸው በብዛት ሲሞቱ፥ የተሸፈነላቸው በብዛት ዳኑ፤ የተቃጠለው መቅኔያቸውም እንደገና ደም መሥራት ጀመረ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በዚያን ጊዜ ሁለት አስተያየት ነበረ። አንዳንዶቹ ከጣፊያው አንድ ፈዋሽ ፈሳሽ ወጥቶ መቅኔውን አድሶታል አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከጣፊያው ሕያዋን ሕዋሳት ተነሥተው በባዶው መቅኔ ሰፈሩ አሉ። ክርክሩ ወደ ፍጻሜው የቀረበው በ1956 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝ አገር በሃርዌል ቻርለስ ፎርድና ባልደረቦቹ፥ ጨረር ለተመታ አይጥ ከሌላ አይጥ መቅኔ ከሰጡ በኋላ የዳነውን አይጥ መቅኔ ቢመረምሩ፥ በውስጡ የሰጪውን አይጥ ክሮሞሶም አገኙ። ስለዚህ የሚያድነው ፈሳሽ ሳይሆን የሚዘራ ዘር መሆኑ ታወቀ።

ዘር ከሆነ ደግሞ ስንት እንደ ሆነ መቍጠር ይቻላል። ይህን ያደረጉት በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጄምስ ቲል የፊዚክስ ሊቅ፥ ኧርነስት መከሎክ ደግሞ ሐኪም ነበሩ። ሁለቱ ጨረር የተመቱ አይጦችን በልዩ ልዩ መጠን የመቅኔ ሕዋሳት ወጓቸው። ከዕለታት አንድ እሑድ መከሎክ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደው የአይጦቹን ጣፊያ ቢመለከቱ፥ በላዩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች በቅለው አዩ። ቢቈጥሯቸው ብዙ ሕዋሳት የተሰጠው አይጥ ብዙ እብጠት፥ ጥቂት የተሰጠው ጥቂት እብጠት ነበረው። ከ10,000 ገደማ የመቅኔ ሕዋሳት አንድ እብጠት ይወጣ ነበር። ሥራቸውንም በ1961 ዓ.ም. አሳተሙ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ አንድሪው ቤከር የተባለ ወጣት መርማሪ ከነርሱ ጋራ ሆኖ፥ በጨረር ምክንያት በክሮሞሶማቸው ላይ ልዩ ጠባሳ የተገኘባቸውን ሕዋሳት በመከተል፥ በአንድ እብጠት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት አንድ ዓይነት ጠባሳ እንዳላቸው አሳየ። እያንዳንዱ እብጠት ከአንድ ሕዋስ የተወለደ ቤተሰብ ነበር ማለት ነው። ቲልና መከሎክ ለዚህ ሥራቸው በ2005 ዓ.ም. የላስከርን ሽልማት ተቀበሉ።

ወላጆቻችን፥ ከናንተ መካከል ገበሬ የሆነ ወይም የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ከኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ዘሩ ይኸው ተገኘ፤ መሬቱስ? አንድ ዓይነት ስንዴ በጥቁር አፈር ሲዘራና በጭንጫ ላይ ሲዘራ አንድ ዓይነት አዝመራ አይሰጥም። ደምስ እንዲሁ ይሆን?

ለዚህ ጥያቄ ከአይጦች ወገን ሁለት ዓይነት ደካሞች መልስ ሰጡ። በትውልድ ደም ማነስ ያለባቸው ሁለት የአይጥ ዘሮች ነበሩ፤ ሲያዩአቸው በሽታቸው ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከጤናማ አይጥ መቅኔ ሲሰጣቸው ይድናሉ። ሁለተኛዎቹ ግን የቱንም ያህል ጤናማ መቅኔ ቢሰጣቸው አይድኑም። ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመው፥ የሁለተኛዎቹ መቅኔ ተወስዶ ለመጀመሪያዎቹ ሲሰጥ የመጀመሪያዎቹ መዳናቸው ነው። በ1965 ዓ.ም. መከሎክ፥ ቲል፥ ኤልሳቤጥ ራስልና ባልደረቦቻቸው ነገሩን እንዲህ ፈቱት። የመጀመሪያዎቹ መሬታቸው መልካም፥ ዘራቸው ግን የታመመ ነው። የሁለተኛዎቹ ዘራቸው ደኅና ሲሆን መሬታቸው ዘር አያበቅልም። ብዙ ዓመት ቈይቶ በ1990 ዓ.ም. የጐደለው ነገር ምን እንደ ሆነ ታወቀ፤ መሬቱ ዘሩን የሚመግብበት ስቴም ሴል ፋክተር የሚባል ፕሮቲን ነበር።

ከዚህ ሌላ፥ መሬቱ ዘሩን የሚመግብ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያፈራም የሚወስን መሆኑን ያሳየ አንድ ሙከራ አለ። በ1968 ዓ.ም. ዎልፍና ትሬንቲን የተባሉ የአሜሪካ መርማሪዎች፥ በጣፊያ ላይ የሚበቅሉት እብጠቶች አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ደም፥ በመቅኔ የሚበቅሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ደም እንደሚሠሩ አስተዋሉ። ስለዚህ የመቅኔን ደጋፊ ሥጋ ቈርጠው በጣፊያ ውስጥ ተከሉት። አንዳንድ እብጠቶች በሁለቱ ወሰን ላይ በበቀሉ ጊዜ፥ በጣፊያው በኩል ያለው ወገን ቀይ፥ በመቅኔው በኩል ያለው ወገን ነጭ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቤተሰብ ወሰን በተሻገረ ጊዜ ሥራውን ለወጠ ማለት ነው።

በ1978 ዓ.ም. በማንቸስተር የነበረው ሬይ ስኮፊልድ ይህን ሁሉ አጠቃሎ አንድ ታላቅ ሐሳብ አቀረበ። በጣፊያ ላይ እብጠት ያበቀሉት ሕዋሳት ከአይጥ ወደ አይጥ ሲዛወሩ ጕልበታቸው እየደከመ ይሄዳል፤ የመቅኔው ግንድ ሕዋሳት ግን ከዚያ የበለጠ ጽናት አላቸው። ስለዚህ፥ አለ፥ ግንድ ሕዋስ ግንድ ሆኖ የሚቈየው በልዩ ማደሪያው፥ በሚጠብቁት ሌሎች ሕዋሳት መካከል ሲኖር ነው። ከማደሪያው የወጣ ግን እየበሰለ፥ እያረጀ ይሄዳል። ይህን ማደሪያ «ኒች» ብሎ ሰየመው። በ1982 ዓ.ም. የተደረገ ሌላ ምርመራም አስተያየቱን አጠነከረለት፤ ቀድመው በስምንተኛው ቀን የሚታዩት የጣፊያ እብጠቶች ብዙዎቹ ወዲያው እንደሚጠፉና በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የሚታዩት ሌሎች እንደ ሆኑ ታወቀ። ስለዚህ በጣፊያ ላይ የሚበቅል ሁሉ እውነተኛ ግንድ አይደለም፤ ብዙው የግንዱ የልጅ ልጅ ነው።

እንግዲህ ጣፊያ ለግንድ ሕዋስ ቤቱ ነው ወይስ የእንግዳ ማረፊያ? ይህ ጥያቄ ለብዙ ዓመት ሳይቈረጥ ቈየ። በ2005 ዓ.ም. የሾን ሞሪሰን የምርምር ጓድ እውነተኛ ግንድ ሕዋሳትን የሚለዩ ምልክቶች አግኝቶ ቢመለከት፥ በመቅኔም ሆነ በጣፊያ ብዙዎቹ የተጠጉት ግድግዳቸው ስስ በሆነ ሰፋፊ የደም ቦዮች አጠገብ ሆኖ ተገኘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ጓድ በዳላስ ከተማ የጣፊያውን ማደሪያ ራሱን ገለጠው። በቀዩ ክፍል ውስጥ፥ የቦዮቹን ውስጥ የሚሸፍኑት ሕዋሳትና ዙሪያቸውን የከበቡት ደጋፊ ሕዋሳት ያን ስቴም ሴል ፋክተር የተባለውን ምግብ ይሠራሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ግንድ ሕዋሱን ወደ ራሳቸው የሚጠራና ከዚያ እንዳይርቅ የሚያደርግ ሌላ ፕሮቲን ይጨምራሉ። አይጢቱ ስታረግዝ፥ ብዙ ደም ሲፈሳት ወይም መቅኔዋ በመድኃኒት ሲጐዳ፥ እነዚህ አስተናጋጆች ራሳቸው ይራባሉ፥ ቤቱም ይሰፋል። መርማሪዎቹ አስተናጋጆቹ ምግቡን እንዳይሠሩ ባደረጓቸው ጊዜ ግን ጣፊያው በችግር ቀን የሚሠራው ደም ቀነሰ። እንግዲህ ጣፊያ የእንግዳ ማረፊያ ቢሆንም፥ አስተናጋጅ የሌለው ባዶ ቤት አይደለም፤ አልጋው የተነጠፈ፥ ምድጃው የተዘጋጀ ማረፊያ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አይጥ ነው፤ ከአይጥ ወደ ሰው ስንሻገር መጠንቀቅ ይገባናል። የአይጥ ጣፊያ ዕድሜዋን ሙሉ ጥቂት ደም ይሠራል። ሰው ግን በማኅፀን ሳለ ደሙ የሚሠራው ከአስኳል ከረጢት ጀምሮ በተለይ በጕበት፥ ኋላም በመቅኔ ነው፤ የጣፊያው ድርሻ አነስተኛ ነው። ከተወለደ በኋላም ጤናማ እስከ ሆነ ድረስ ሥራው የመቅኔ ነው። መቅኔው በጠባሳ ሲሞላ ወይም ታላሴሚያ በሚባለው የትውልድ ደም ማነስ ሲጨነቅ ግን ግንድ ሕዋሳት ተሰደው ወደ ጣፊያ ይገባሉ፥ ጣፊያውም እየተለጠጠ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜ እስከ እንብርት አልፎ ይወርዳል። ነገር ግን እንዲህ የሚሠራው ደም ብዙ ጊዜ ለሕመምተኛው አይበቃውም። ከቆላ አገር የመጡ ጓደኞቻችን የሚያውቁት፥ በወባ ወይም በካላ አዛር ምክንያት የሚመጣው የጣፊያ እብጠት ግን ከዚህ ጋራ መቀላቀል የለበትም፤ እርሱ በዋነኛነት ጣፊያው ከበሽታው ጋራ ሲታገልና የተበላሹትን ሕዋሳት ሲያጣራ የሚመጣ ነው።

ይህ ዕውቀት ለምን ይጠቅማል ለሚለን፥ መልሱ ቅርብ ነው። መቅኔን ከሰው ወደ ሰው ማዛወርን ለሕክምና ያበቁት ዶናል ቶማስ በ1990 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ናቸው፤ በዚህ ሕክምና የደም ካንሰር የያዛቸው ብዙ ሰዎች ድነዋል። ይሁን እንጂ ሰጪና ተቀባይ መመሳሰል ስላለባቸው ብዙ ሕመምተኞች የሚስማማቸውን ሰጪ አያገኙም። ጥቂቱን ግንድ ሕዋስ ከሰውነት ውጭ ማብዛት ቢቻል መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከማደሪያው የወጣ ግንድ ሕዋስ ግንድነቱን ለመጠበቅ ይቸገራል። ስለዚህ የመሬቱን ጠባይ፥ የመቅኔውንም የጣፊያውንም፥ መማር ለሕመምተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን እናት እንመለስ። ንባባችንን ከጨረስን በኋላ መምህራችን፥ «ለኔ የነገራችሁኝን ሄዳችሁ ለእርሳቸው ንገሩ» አሉን። ማፈራችን አልቀረም፤ ሆኖም ሄድን። ያ ቸኵሎ የመለሰው ጓደኛችን ራሱ ቀድሞ ተናገረ። «እትዬ፥ ያን ዕለት የነገርኩዎት ግማሹ ስሕተት ነበር። የልጅዎ ደም ከመቅኔው ይመጣል፤ ስለ ደሙ አይጨነቁ። ጣፊያ ግን ጥቅም የለውም ያልኩት ትክክል አይደለም። ጣፊያ አንዳንድ ክፉ ተሕዋስያንን ከደም ውስጥ የሚይዝ ዘበኛ ነበር። እንግዲህ ዘበኛው ስለሌለ ሐኪም የሚያዝለትን ክትባት ሁሉ ይከተብ፤ ትኵሳት ከያዘውም እስከ ነገ ይደር ሳይሉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ወደ ቆላ ሲወርድም ከወባ ይጠንቀቅ» አላቸው።

እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «ባለፈው ሳምንት ትኵሶት ነበር፤ ጥቅም የለውም ስላላችሁኝ በዳማከሴ ላሳልፈው ብዬ ነበር። ደግነቱ አባቱ እምቢ ብሎ ወሰደው» አሉን። ይህን ስንሰማ ማናችንም ቃል አልወጣንም። በቸኰለ አንደበት የተነገረች አንዲት ግማሽ እውነት ጓደኛችንን ልታሳጣን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባን። ዛሬ ጓደኛችን ደኅና ነው፤ ከመካከላችሁ ተቀምጦ ይህን ንግግር ይሰማል፤ ታሪኩንም የተናገርነው በፈቃዱ ነው።

ክቡራን ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው፥ የማያውቁትን አላውቅም ማለት ከማሳፈር ይልቅ ሕይወት የሚያድን መሆኑን ነው። ሁለተኛው፥ ዘር ብቻውን አይበቃም የሚለው ነው። መልካም ዘር የሚያሳድገው፥ የሚመግበውና የሚጠብቀው መሬት ይፈልጋል፤ መሬቱም እንዲሁ ባዶ አፈር ሳይሆን በጐረቤትነት የቆሙ ብዙ ሕያዋን ናቸው። ይህን ቃል በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ስንናገር ምን ማለታችን እንደ ሆነ ማብራራት አያስፈልገንም፤ ስሕተታችንን ሰምተው ከመቈጣት ይልቅ መጽሐፍ የሰጡንና እንድናርመው መልሰው የላኩን መምህር እዚሁ አጠገባችን ተቀምጠዋል።